ማን ይረግጠዋል? ሳሩን በከፊል ወደ ደረቅ ግቢ የቀየረ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ሞቃትና ዝናብ አጠር በሆነ አካባቢ ሳር ያለው ቤተሰብ ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ሳሩን እያጠጡ መኖር ይሻላል ወይስ ነቅሎ ጠጠርና ድርቅ ቻይ ተክሎችን ማስገባት? እዚህ የተጻፈው ቤተሰብ ጥያቄውን በጥሩ ሁኔታ መለሰ፣ ሥራውን ግን ሁለት ጊዜ መሥራት ግድ ሆነበት። የመጀመሪያው ዙር በአብዛኛው ከሸፈ። የከሸፈበት ምክንያት በየግቢው የሚደጋገም ስለሆነ መመዝገብ ይገባዋል።

"ደረቅ ግቢ" ስንል ድርቅ የሚችሉ ተክሎች፣ የአፈር ጉዝጓዝ (ጠጠር፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ቅጠል) እና የጠብታ መስኖ ያለው ግቢ ማለታችን ነው። ጠጠር ብቻ የተደፋበት ባዶ መሬት በዚህ ስም መጠራት የለበትም፤ አቧራ ያስነሳል፣ ቤቱን ያሞቃል፣ ከዓመት በኋላም አረም ይወርሰዋል።

## ግቢውና ነዋሪዎቹ

በቤቱ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆችና አንዲት አያት ይኖራሉ። ቦታው 480 ካሬ ሜትር ሲሆን ግማሹ፣ ማለትም 240 ካሬ፣ ሰርዶ ነበር። ፊት ለፊት 110 ካሬ አለ፤ መሐሉ ላይ የቅርንጫፎቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 7 ሜትር የሆነ አሮጌ የጥላ ዛፍ ቆሟል። ጓሮው 90 ካሬ ነው። የቀረው 40 ካሬ በቤቱና በአጥሩ መሐል የተዘረጋ፣ 25 ሜትር ርዝመትና 1.6 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ነው። አፈሩ ሸክላ የሚበዛበት ነው። በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል።

ሦስቱ አዋቂዎች ሦስት የተለያየ ሐሳብ ነበራቸው። አባት ሁሉም ሳር ይነቀል አሉ። እናት ልጆቹ የሚወድቁበት ለስላሳ መሬት ይቅርላቸው አሉ። አያት ደግሞ መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ድንጋይ እንዳይደፋ አጥብቀው ተናገሩ። ኋላ እንደታየው ሦስቱም በከፊል ትክክል ነበሩ።

## መጀመሪያ የተሠራው ጥሩ ሥራ፦ መለካት

ቤተሰቡ ዶማ ከማንሳቱ በፊት ውሃውን ለካ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ማጠጣት ከመጀመሩ በፊት የውሃ ቆጣሪውን ማንበብ፣ ሲያልቅ እንደገና ማንበብ፣ በመሐሉ ቤት ውስጥ ሌላ ቧንቧ አለመክፈት። ሳሩ ይጠጣ የነበረው በየሁለት ቀኑ ነው፤ በአንድ ጊዜ 4,200 ሊትር፣ ማለትም በቀን 2,100 ሊትር ይፈስሳል። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ጥልቀቱ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ 4,200 ለ240 ሲካፈል በአንድ ማጠጣት 17.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

በእንዲህ ያለ ሙቀት ሰርዶ የሚፈልገው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 240 ካሬ በ5 ሲባዛ 1,200 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ በየቀኑ 900 ሊትር የሚደርስ ውሃ ሳሩን አይጠቅምም ነበር። ይህም ሆኖ ሳሩ ቦታ ቦታውን ቢጫ ነበር።

ምክንያቱ በጣሳ ታወቀ። አፋቸው እኩል የሆነ 16 ባዶ ጣሳዎች ፊት ለፊት ባለው ሳር ላይ በእኩል ርቀት ተቀመጡ፤ ስፕሪንክለሩ (ውሃ ረጪው) እንደወትሮው ተለቀቀ፤ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ተለካ። አማካዩ 12 ሚሊ ሜትር ሆነ። የቀረው በነፋስ ተወስዷል ወይም ንጣፍና ግድግዳ ላይ ፈስሷል። አነስተኛ ውሃ የያዙት አራት ጣሳዎች አማካይ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። የዝቅተኛው ሩብ አማካይ ለጠቅላላው አማካይ ሲካፈል 42 በመቶ ይሰጣል፤ ደህና የሚባል ስፕሪንክለር ቢያንስ 70 በመቶ ማሳየት አለበት። ሰዎቹ የደረቀውን ቦታ ለማርካት ሲሉ የጠገበውን ያሰጥሙ ነበር።

ይህን መለኪያ መዝለል በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የረጪው ጉድለት የሳሩ ጥፋት ይመስላል፤ ሰውም ሳሩን ይነቅልና ያንኑ የተበላሸ የውሃ አሠራር ወደ አዲሱ ግቢ ይዞት ይገባል። እዚህ ረጪዎቹን ማስተካከል ብቻውን የቀን ፍጆታውን ከ2,100 ወደ 1,600 ሊትር ያወርደው ነበር፤ ይህም ረጪዎቹ 75 በመቶ ቢደርሱ ተብሎ 1,200 ለ0.75 ተካፍሎ የሚገኝ ነው።

## ውሳኔው

ክርክሩ የተፈታው "የትኛው ያምራል?" የሚለው ቀርቶ በየቦታው "ይህን መሬት ማን ይረግጠዋል?" ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ጓሮው በየቀኑ ይረገጣል። ፊት ለፊት ያለውን የሚረግጠው ሳሩን የሚያጭደው ሰው ብቻ ነው። መተላለፊያው ደግሞ ለማጠጣት ከሁሉ የከፋ ነበር፤ 1.6 ሜትር ስፋት ላይ ስፕሪንክለር ሲረጭ አብዛኛው ውሃ ግድግዳ ያጥባል።

ስለዚህ ጓሮ ውስጥ 70 ካሬ ሳር እንዲቀር ተወሰነ። ቅርጹም ማጨጃ በቀላሉ የሚዞርበትና ረጪ በእኩል የሚያዳርሰው አራት ማዕዘን ሆነ። ማዕዘኖቹና የግድግዳው ጥግ፣ 20 ካሬ ያህል፣ ለቁጥቋጦ ተሰጡ። ፊት ለፊቱና መተላለፊያው፣ 150 ካሬ፣ ወደ ደረቅ ግቢ እንዲቀየሩ ተስማሙ። ከውሃ አንጻር አቅጣጫው ትክክል መሆኑን በሰፊው የተለካ ማስረጃ ይደግፈዋል፤ በአሜሪካ የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የብዙ ዓመት ጥናት በዚያ በረሃ ሳር በዓመት በካሬ ሜትር ወደ 3,000 ሊትር፣ ደረቅ ግቢ ደግሞ ወደ 700 ሊትር እንደሚጠጣ አግኝቷል።

## የመጀመሪያው ዙር፦ ምን ከሸፈ

ሰርዶውን ለመግደል ውሃ ተከለከለ። ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም ገለባ መሰለ። ላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተላጠ፤ የአረም መከላከያ ጨርቅ ተነጠፈበት፤ 4 ሜትር ኩብ ጠጠር ፊት ለፊት ባለው 110 ካሬ ላይ ተበተነ፤ ጨርቁ እየተቀደደ 12 እሬትና ቃጫ ተተከለ።

ሰርዶ ግን ውሃ ሲያጣ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። ከመሬት በታች የሚሄደው ግንዱ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ጠልቆ ስለሚገባ 5 ሴንቲ ሜትር መላጥ አይነካውም። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ በጨርቁ መጋጠሚያና ለተክል በተቀደደው ሁሉ ብቅ አለ። ሲነቀል ላዩ ብቻ ይበጠሳል፤ ሥሩን ጨርቁ ይዞታል። እዚህ ላይ ጨርቁ የሰርዶው ጠባቂ ሆነ።

ጠጠሩም አልበቃም። 4 ሜትር ኩብ ለ110 ካሬ ሲካፈል 3.6 ሴንቲ ሜትር ነው። አፈሩ አለመደልደሉ ሲጨመር ከፍ ባለው ቦታ ጨርቁ ታየ፤ ዝቅ ባለው ደግሞ አቧራ ተከማችቶ በጨርቁ ላይ አዲስ አረም አበቀለ። በዚያው ዝቅ ያለ ቦታ የተተከሉ አምስት እሬቶች ከሥራቸው በሰበሱ። ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ውሃው በተጠቀጠቀው መሬት ላይ ተንሸራትቶ በረንዳው ድረስ መጣ። ሳሩ እስካለ ድረስ ውሃውን ያዘገየው ስለነበር ይህ ታይቶ አያውቅም።

ከሁሉ የከበደው ጉዳት ግን ዘግይቶ የታየው ነው። ሞቃቱ ወራት ሲመለስ የዛፉ አናት መድረቅ ጀመረ። ዛፉ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረው የሳሩን ውሃ ነበር፤ ሳሩ ሲቋረጥበት እሱንም ያስታወሰው የለም። ጠጠር እንደገና ይገዛል፣ እሬትም እንደገና ይተከላል። ያንን የሚያህል ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ለማግኘት ግን የአንድ ልጅ ዕድሜ መጠበቅ ይጠይቃል።

## ሁለተኛው ዙር

ዛፉ ቀደመ። የዛፍ ውሃ ጠጪ ሥሮች በብዛት ያሉት ከግንዱ ራቅ ብሎ፣ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ አካባቢ ነው። ከግንዱ 2.7 እና 3.6 ሜትር ርቀት ላይ ሁለት የጠብታ መስኖ ቀለበቶች ተዘረጉ፤ በድምሩ 40 ሜትር ቧንቧ። በየ50 ሴንቲ ሜትሩ በሰዓት 2 ሊትር የሚያወጣ ድሪፐር (ውሃ ማንጠባጠቢያ) አለ። 80 ድሪፐር በሰዓት 160 ሊትር ይሰጣል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ለማርጠብ ወደ 1,400 ሊትር ስለሚያስፈልግ መስኖው 9 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በሞቃቱ ወራት በየ12 ቀኑ፣ ቀዝቀዝ ሲል በወር አንዴ ይለቀቃል። ጥልቀቱ የሚረጋገጠው በቀጭን ብረት ነው፤ እርጥብ አፈር ብረቱን ያስገባል፣ ደረቅ ሸክላ ይመልሰዋል። ዛፉ ሥር ጠጠር አልተመለሰም። በጠጠር መሐል የሚወድቅ ቅጠል ለመጥረግ ያስቸግራል፣ በስብሶም ለአረም አፈር ይሆናል። በምትኩ የራሱ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሰነሰ፤ ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ተተወ።

ቀጥሎ ሰርዶው። ጠጠሩ ተዝቆ በሽቦ ወንፊት ተነፋ። 4 ሜትር ኩብ ጠጠር 6 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ በእጅ ጋሪ ወጥቶ በእጅ ጋሪ ተመለሰ። በሕይወት የቀሩት ሰባት ተክሎች ወደ ማሰሮ ተዛወሩ። ጨርቁ ተነቀለ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ተደረገ፤ ሳሩ ለሦስት ሳምንት ውሃ እየጠጣ እንዲለመልም ተተወ። ያንቀላፋ ሳርን መግደል ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ መንቃት አለበት።

ፀሐይ በሚያገኘው ክፍል መሬቱ በአጭሩ ታጭዶ ተደለደለ፤ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ረጠበ፤ በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ተሸፈነ፤ ጠርዙ ዙሪያውን በአፈር ተቀበረ። ላስቲኩ ጥቁር መሆን የለበትም፤ ጥቁሩ ሙቀቱን ራሱ ይዞ ያስቀረዋል፣ ብርሃን አስተላላፊው ግን ወደ አፈሩ ያሳልፈዋል። በዓመቱ ከባድ ሙቀት ለስድስት ሳምንት እንደተሸፈነ ቆየ። ዛፉ ሥር ይህ አይሠራም፤ ጥላው ሙቀቱን ይቀንሰዋል፣ የሚገኘውም ሙቀት የዛፉን ሥር ይጎዳል። እዚያ ሰርዶው በመንሽ እየተፈነቀለ በእጅ ተለቀመ። ላስቲኩ ከተነሳ በኋላ ጥልቅ ከነበሩት ግንዶች ጥቂት ቡቃያ ወጥቷል፤ ለሁለት ወር በየሳምንቱ ሲነቀል ደከመ። የሚቀረው ሳር ወደዚህ እንዳይሻገር በመሐሉ 15 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ የጡብ ጠርዝ ተሠራ።

መሬቱና የዝናቡ ውሃ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ተቆፍረው ውሃ ተሞሉ። ከፍ ባለው ቦታ ውሃው በሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር ይሰርጋል፤ ዝቅ ባለው ግን በማግስቱም ነበረ። እሬቶቹን የገደላቸው ይህ ነው። አሸዋ መቀላቀል ይረዳል የሚል ምክር ተሰጥቶ ነበር፤ ጥቂት አሸዋ በሸክላ ሲገባ ግን አፈሩ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ እሬትና ቃጫ የሚተከልበት መሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ሆነ። ለጉብታው አፈር የተገኘው 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ መሳይ ቦይ ሲቆፈር ነው፤ ቦዩ የዝናቡን ውሃ ከበረንዳው አርቆ ወደ ዛፉ ይወስዳል። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ150 ካሬ ላይ 3,000 ሊትር ነው፤ በረንዳ ያስቸግር የነበረው ውሃ ከዚያ በኋላ የዛፉ ሲሳይ ሆነ።

ተክልና ጠጠር። ተከላው ሙቀቱ ሲበርድ ተደረገ። 60 ተክል ታስቦ ወደ 34 ወረደ፤ ቁጥሩ የተወሰነው በችግኙ ሳይሆን አድጎ በሚይዘው ስፋት ነው። 1.5 ሜትር የሚሰፋ ቁጥቋጦ 1.8 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ 34ቱ ሲያድጉ 60 ካሬ መሬት ያለብሳሉ። ጉድጓዱ የሥሩን ድቡልቡል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ስፋት ይኖረዋል፣ ጥልቀቱ ግን ከድቡልቡሉ አይበልጥም። ቃጫ ጫፉ እንደ መርፌ ስለሆነ ከመንገዱ 1.5 ሜትር ርቆ ተተከለ። ተገዝቶ የነበረ ቅንጭብ ደግሞ ጨርሶ ተመለሰ፤ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ልጆች ባሉበት ግቢ ቦታ የለውም።

ጠጠር የሚያስፈልገው መሬት፣ ከዛፉ ሥር ያለው 38 ካሬ ተቀንሶ፣ 112 ካሬ ሆነ። በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 5.6 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ ስለዚህ በነበረው ላይ 2 ሜትር ኩብ ተጨመረ። ጨርቅ የቀረው ከእግር መንገዱ ሥር ብቻ ነው። በየተክሉ ግንድ ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ከጠጠር ነፃ ተደረገ።

የውሃው አሠራር። ሳር፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ለየብቻ ቫልቭ አገኙ። ይህ ሊታለፍ የማይገባ ነገር ነው፤ በሳር ሰዓት የሚጠጣ እሬት ይበሰብሳል፣ በእሬት ሰዓት የሚጠጣ ሳር ይደርቃል። በጠብታ መስኖው መግቢያ 130 ማይክሮን ማጣሪያና ግፊቱን ወደ 1.5 ባር የሚያወርድ መቀነሻ ገብቷል፤ የቧንቧዎቹ ጫፍ ተከፍቶ እንዲታጠብ ክዳን አለው። ለእያንዳንዱ ቁጥቋጦ በሰዓት 4 ሊትር የሚያወጡ ሁለት ድሪፐሮች፣ በሁለት ሰዓት 16 ሊትር፣ በመጀመሪያው ሞቃት ወቅት በየአራት ቀኑ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ሰባት ቀን ይሰፋል። "ድርቅ ቻይ" የሚባለው ሥሩን ከዘረጋ በኋላ ነው፤ አዲስ ችግኝ እንደማንኛውም ችግኝ ይጠማል።

በጓሮው ሳር ላይ የአንዱ ረጪ ውሃ እስከ ጎረቤቱ ረጪ እግር እንዲደርስ ርቀታቸው ተጠጋግቷል። ሁሉም አብረው ሲከፈቱ ግፊቱ 1.8 ባር ብቻ ስለነበር በሁለት ተራ ተከፈሉ። በጣሳ ሲለካ 75 በመቶ ሰጠ። በየሦስት ቀኑ 20 ሚሊ ሜትር ይጠጣል፤ ሸክላው በአንዴ ስለማይቀበለው በአንድ ሰዓት ልዩነት በሁለት ጊዜ።

## ውጤቱ

የመጀመሪያው መለኪያ ከተወሰደ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር፣ ግቢው በቀን ወደ 730 ሊትር ይጠጣ ነበር፤ ሳሩ 470፣ ዛፉ 120፣ ቁጥቋጦዎቹ 140 ገደማ። ከቀድሞው 2,100 አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ዛፉ የደረቀው አናቱ ተቆርጦለት ከታች አዲስ ቅጠል አወጣ። ከ34ቱ ተክሎች ሦስት ደረቁ፤ ሦስቱም ድሪፐራቸው ተደፍኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መስኖው ተከፍቶ እያንዳንዱ ተክል ሥር በዓይን ይታያል።

ያልተፈታው ሙቀቱ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በሙቀት መለኪያ ሲታይ ጠጠሩ 59 ዲግሪ፣ የጓሮው ሳር 35 ዲግሪ ነበር። ሳር ውሃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ጠጠር የቀኑን ሙቀት አጠራቅሞ ማታ ይመልሳል። የአያቲቱ ሥጋት እውነት ሆነ፤ ክፍላቸው ከመሸ በኋላም አልበርድ አለ። ከመስኮቱ ሥር 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጠጠር ተነስቶ የእንጨት ፍቅፋቂ ቢገባም ቀን ላይ የደረቀው ፍቅፋቂ ከጠጠሩ ባልተናነሰ ጋለ፤ ማታ ሙቀት አለመያዙ ብቻ ነበር ጥቅሙ። ለውጥ መታየት የጀመረው በመስኮቱ ፊት የሐረግ መደገፊያ ቆሞ ጥላ ሲያርፍ ነው።

## ወደ ሌላ ግቢ የሚወሰደው

ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ዛፉን ይውሰድ። ሳር ውስጥ የቆመ ዛፍ የራሱ መስኖ ሳይዘረጋለት የሳሩ ውሃ መዘጋት የለበትም፤ ጉዳቱ በአንድ ወቅት ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

የሥራው ወቅት ከሥራው ዓይነት ጋር ይሄዳል። ሰርዶ የሚገደለው ለምልሞ ባለበት በሙቀት ነው፣ ተክል የሚተከለው ሲበርድ ነው፤ ስለዚህ ሥራው ቢያንስ ሁለት ወቅት ይይዛል። በአንድ ወር ልጨርስ የሚል ዕቅድ ከሁለቱ አንዱን በተሳሳተ ጊዜ ያደርገዋል።

ጠጠር የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ቧንቧው ተፈትኖ፣ ተክሉ ገብቶ፣ ዝናብ ወይም በጎማ የተለቀቀ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ታይቶ፣ አረሙ አንድ ጊዜ በቅሎ ከተነቀለ በኋላ ይበተን። አስቀድሞ የተበተነ ጠጠር ማንኛውንም ጥገና ጠጠር በመዛቅ ያስጀምራል።

ሳር የሚቀርበት ቦታ ትንሽ ቢሆንም ቅርጹ ይታሰብበት፤ ከ2 ሜትር የሚጠብ ሳር በስፕሪንክለር በአግባቡ አይጠጣም። ፀሐይ በብርቱ በሚመታው መስኮት ሥርም ጠጠር ከመድረሱ በፊት ጥላ የሚሰጠው ተክል መተከልና አንድ ወቅት ማደግ ይኖርበታል።